በቁጠባ ስለከሳው የመስቀል በሬያችን

ለተከበሩ ጓድ ወንዳፈረው
የቀበሌያችን የበዓል ቁጠባ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሆሳዕና

መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ጉልበትዎ እንደ ስብሰባዎ የማያልቅ፣ የሌሊት እንቅልፍዎም እኛ በስብሰባዎ ላይ እንደምንተኛው እንቅልፍ የጣፈጠ ይሁን እያልኩ፣ ከልብ የመነጨ አብዮታዊ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ በቁጠባዎ ጥላ ሥር ሆኜ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። በሬው ብቻ ነው ትንሽ ያልተመቸው የሚመስለው፤ እሱ ጋም እንደርሳለን፤ አይቸኩሉ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የጻፍኩት ኤሊያስ ሽብሩ ነኝ። በመናኸሪያው የዱራሜንና የሾኔን መኪኖች ተራ የማስከብር፣ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ለጊዜው ብዬ አቋርጬ ጊዜው የረዘመብኝ፣ እርስዎም ባለፈው ስብሰባ “ያ ጥርሱን የማይከድነው የጣቢታ ልጅ” ብለው በሕዝብ ፊት በክብር ያነሡኝ ማለት እኔ ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ጣቢታ ደግሞ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ገበያ ቆጮ እየሸጠች ያሳደገችኝ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ የማታውቅ፣ በዚህ ቀበሌ ኖራ የመጀመሪያውን ክፉ ቃል ከእርስዎ አንደበት የሰማች ሴት ናት። ደብዳቤው ስለ እሷ ነው። ስለ በሬውም ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ እነሆ አስረዳለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ጽሑፍ በዛሬው የእሑድ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ ለመምህር ማቴዎስ ሰጥቻለሁ። መምህር ማቴዎስ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ታጥቦ እንደሚደፋ ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ፤ የመረጥኳቸውም ነገሩ በደንብ እንዲብላላ ብዬ ነው። እርስዎ ራስዎ ባወጡት የስብሰባ ደንብ መሠረት የቀረበ ሒስ ሳይቋረጥ እስከ ፍጻሜው ይነበባል፤ ሒስ የቀረበበት ጓድ ንባቡ እስኪያልቅ ከወንበሩ አይነሣም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አልሰማሁም ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው እንደገና ይነበባል። ደንቡ የወጣው የእርስዎ የቁጠባ መመሪያ ሲነበብ ሰው በጓሮ በር ሹልክ ሹልክ እያለ ስላስቸገረ መሆኑን አልዘነጋሁም። ደንብ ግን ደንብ ነው። እባክዎ ይቀመጡ።

አንደኛ፤ ስለ አሳቡ አመሰግናለሁ።

እርስዎ ወደዚህ ኃላፊነት ከመምጣትዎ በፊት ሰፈራችን መስቀልን የሚቀበለው ፍጹም ኋላ ቀር በሆነ መንገድ ነበር። አባባ ሳህሉ የሚባሉት ሽማግሌያችን በየገበያው ማግስት በየቤቱ እየዞሩ ሰው የቻለውን ያህል ይሰበስባሉ፤ በዓሉ ሊደርስ ሲል በሬ ይገዛል፤ ይታረዳል፤ ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ ዕጣ ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ቤት ስም ሲጠራ ባለቤቱ “አቤት!” ብሎ መደቡን ተሸክሞ እየሳቀ ይሄዳል። ይኸው ነው። መመሪያ የለ፣ ሪፖርት የለ፣ ማኅተም የለ። እንዲህ ሆነን ስንት መስቀል እንደበላን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሰኔው ስብሰባ ግን እርስዎ ተነሥተው ዓይናችንን ገለጡልን። “ጓዶች! መስቀል ሲደርስ በሬ የሚወደደው ለምንድን ነው? ሁላችንም በአንድ ሳምንት ስለምንገዛ ነው! ክረምቱ ሲገባ በርካሽ ገዝተን፣ በተራ እየቀለብን ብናቆየውስ?” አሉ። እውነቱን ልናገር፤ አሳቡ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጭ ነበር፤ እኔ ራሴ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ከዝናብ ጋር እንኳ የሚከራከሩት አባባ ሳህሉ ብቻ እጃቸውን አወጡና “ልጄ፣ በሬው ክረምቱን ሙሉ ምን ሊበላ ነው?” ብለው ጠየቁ። እርስዎም “አባባ፣ ይህ የድሮ አስተሳሰብ ነው” ብለው በትሕትና አስቀመጧቸው። በኋላ እንደታየው በሬውም የድሮ አስተሳሰብ ተከታይ ሆኖ ተገኘ። መብላት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጉዞው አመሰግናለሁ።

በሬ ሾኔ ገበያ ይረክሳል ተብሎ ወደዚያ የሄድነው ሁለት ነበርን፤ እርስዎ መራጭ፣ እኔ ነጂ። ምርጫዎን አደንቃለሁ። ቀይ፣ ሻኛው ወደ ጎን ጋደል ያለ፣ አንገቱ ሲዞር ገበያው አብሮት የሚዞር ሰንጋ ነበር። እዚያው ስም አወጡለት፤ “ከዛሬ ጀምሮ ቁጠባ ይባላል” አሉ። ሻጩ ገበሬ ገመዱን ሲያስረክበኝ በሬውን ሳይሆን እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ “አደራ” አለኝ። እኔም “ኮሚቴ አለው፣ አይዞህ” አልኩት። ሰውየው እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና እንከራይ ወይ ብዬ ብጠይቅ “በሬ እግር አለው፤ ኤሊያስም እግር አለው” አሉኝ። ይህን ያህል የጠለቀ ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ፣ እግርዎ የኮሚቴ እግር ስለሆነ፣ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። እኔና ቁጠባ በእግራችን ጭቃውን እያቦካን ስንመጣ አውቶቡስዎ ደርሶ ሲያልፈን ከመስኮቱ እጅዎን አውጥተው “በርቱ!” ብለውናል። ጎማው የረጨብን ጭቃ በዝናብ ታጥቦ ለቀቀ፤ “በርቱ” ያሉን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዱራሜ ላይ አንዲት ባለ ሻይ ቤት ሴትዮ በሬውን አይታ ከበሩ ወጣች። “አንተ ልጅ፣ ይህን የመሰለ ሰንጋ ለማን ነው የምትነዳው?” አለችኝ። “ለሆሳዕና የቁጠባ ኮሚቴ” አልኳት። “ውይ፣ ምስኪን!” አለች። ለእኔ ይሁን ለበሬው አልጠየቅኋትም። ለሁለታችንም ውኃ ሰጠችን፤ የጠጣሁትንም ሻይ ሒሳብ አልተቀበለችኝም። አንጋጫን አልፈን ሆሳዕና ስንገባ ልጆች በእልልታ ተቀበሉን፤ ቁጠባም በዚያን ዕለት በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ ወፍራም ሆኖ ታየ።

ሦስተኛ፤ ስለ ተራው አመሰግናለሁ፤ ተራ ሥራዬ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ነው የማመሰግነው።

በሬው በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ቀን እያደረ፣ ተረኛው ቤት እንዲቀልበው ደነገጉ። ተራው ያልደረሰ ቤት ሣር ቢያቀብል ብክነት ነው ተባለ። መጀመሪያ የደረሳት ወይዘሮ አስካለች ናት፤ ጠላ ጠማቂ ስለሆነች ሣሩን በአተላ፣ አተላውን በእንሰት ቅጠል እያስከተለች ስታጎርሰው ሰነበተች፤ በሬው ከእሷ ቤት ሲወጣ ዞር ዞር ብሎ ያይ ነበር። ከሷ ቀጥሎ የነበሩት አቶ ኃይሉ ዝናብ ሲጥል በሬውን ከደጃቸው አስወጥተው ወደ ጎረቤት ለመግፋት ስለሞከሩ፣ እርስዎ ያንኑ ዕለት በደንቡ ላይ አዲስ ቁጥር ጨመሩ፤ “ተራው ደርሶት አልቀበልም ያለ፣ ወይም በሬውን ከተራው ቤት ያስወጣ፣ መደቡን ያጣል፤ መደቡም ከእሱ በፊት ለቀለበው ቤት ይሰጣል።” እኔ በመናኸሪያ ስንት ደንብ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ መውጫ የሌለው ደንብ ግን አላየሁም። ለዚህች ቁጥር ልዩ ምስጋና አለኝ፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ነገሩ በዚሁ ቢቆም በሬውን ዛሬ በር አያስገባውም ነበር። እርስዎ ግን ጥሩ ነገር ሲያዩ አላስችል ይልዎታል። “ቁጠባ ከቤት ይጀምራል!” የሚል መፈክር ግድግዳችን ላይ አስጻፉና፣ በሬውን በአነስተኛ ወጪ ለቀለበ ቤት ቀይ ሪባንና “የቁጠባ ጀግና” የሚል ማዕረግ እንደሚሰጥ አወጁ። ጓድ ሊቀመንበር፣ የኛን ሰው አላወቁትም። የኛ ሰው ለሥጋ ይታገሣል፤ ለሪባን ግን አይታገሥም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ አንድ ዓይነት ስሌት ሆነ፦ “ትናንት እነ አስካለች ቤት በልቷል፤ ነገ ደግሞ እነ እገሌ ቤት ይበላል፤ ዛሬን ቢዘል ምን ይሆናል?” እኛ ሁላችን ዛሬ ሆንን፤ ቁጠባ ደግሞ የሚኖረው ከዛሬ በስተቀር ሌላ ቀን አልነበረውም።

ልብስ ሰፊው አቶ አሳምነው “የተኛ በሬ አይርበውም” ብለው በጊዜ አጨልመው ያስተኙት ነበር። አቶ ኃይሉ በበኩላቸው የቀበሌው መስክ በሚታይበት በኩል አሰሩትና “ማየትም ግማሽ መብላት ነው” አሉ። ሪባኑን ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። ሪባኑን በሬው አንገት ላይ አሥረው ፎቶ ሊነሡ ሲሉ ቁጠባ አንገቱን ዞር አድርጎ ሪባኑን በላው። ሕዝቡ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ነበር መሳቅ የነበረብኝ፣ ያልሳቅኩትም ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ ያገኘው ለስላሳ ነገር ያ ሪባን ነበር።

ያም ሆኖ ሪፖርትዎ ግሩም ነበር። በየስብሰባው ወጪው ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ መሄዱን በኩራት ያበሥሩን ነበር። እውነት ነው፤ ይቀንስ ነበር። በሬውም አብሮ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ስላሳቀኝ ብቻ ያነሣሁት ነው።

የበሬው ቁጠባ ስኬት ሲያይልብዎ ፊትዎን ወደ ቅቤው አዞሩ። እናቶቻችን በተራ ቅቤ እያዋጡ ለአንዷ፣ ቀጥሎም ለሌላዋ እየሰጡ ለመስቀል የሚያጠራቅሙበት ዊጆ የሚባል ነገር እንዳለ ሰሙና፣ “አንድ በርሜል፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ኃላፊ!” አሉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ “እሺ ጓድ፣ ይሁን ጓድ፣ ያኑርልን ጓድ” አሉ፤ እልልታም አቀለጡ። እርስዎ በማግስቱ በርሜሉን አሳጥበው ጽሕፈት ቤቱ ደጅ አስቀምጠው ቁልፉን ይዘው ቆሙ። አንድም ሰው አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በመጨረሻ የዊጆው እናት ወይዘሮ ገነቴ ለገበያ ሲያልፉ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ብለው አዩና “ጽዱ ነው፣ ተባረክ ልጄ፤ የዝናብ ውኃ ይያዝበት” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ አገር የሴቶች “እሺ” ምን ማለት እንደሆነ ሊነግርዎ የሚችል ሰው ከጎንዎ አልነበረም ማለት ነው። ለማንኛውም ቅቤው በየጓዳው ደህና ነው፤ በዋዜማው ቡላው በወተትና በቅቤ ተነክሮ አታካና ሲሠራ እርስዎም ይጠራሉ፤ እኛ ሰፈር በተቀየምነው ሰው ላይ በር አንዘጋም።

እንግዲህ ወደ አምስተኛው። ይህችን ቀስ ብለው ያድምጡልኝ።

በሬው በየቤቱ ሲቆጠብ ሲቆጠብ ቆይቶ እናቴ ቤት ደረሰ። ሲገባ እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩት። መጀመሪያ ያለፈ ጥላ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ሪባን የሚባል ነገር ስለማትከተል፣ ከገበያ ስትመለስ የእንሰት ቅጠል በጀርባዋ፣ ሣር በብብቷ፣ ያልተሸጠ ነገር በእጇ እያመጣች ታቀርብለት ነበር። “አንቺ እማ፣ ተይ፣ እኛ ከሁሉ በላይ ወጪ ያወጣን ተብለን በስብሰባ እንዘለፋለን” ብላት፣ “ልጄ፣ ይህ ፍጥረት ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ ሳይበላ አይወጣም” አለችኝ። ይኸው ነው ጥፋቷ።

እርስዎና ኮሚቴዎ ለቁጥጥር የመጣችሁት በዚያው ሰሞን ነው። አቶ አሳምነው የስፌት ሜትራቸውን አውጥተው የበሬውን ደረት ለኩና፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ “ጓድ፣ ቆዳው ሰፍቶታል፤ ላጥብበው?” አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የተናገረው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር። እርስዎ ግን አልሳቁም። “በአሁኑ ሰዓት በሬው ያለው ማን ቤት ነው?” ብለው ጠየቁ። “ጣቢታ ቤት” ተባለ። “እንግዲያው የከሳው እዚህ ነው” ብለው ወሰኑ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ያልተማርኩ ተራ አስከባሪ ነኝ። ግን አንድ መኪና ከሾኔ ተነሥቶ ሆሳዕና ሲደርስ ጎማው ቢተነፍስ፣ ሚስማሩን ያስቀመጠው የሆሳዕና ሰው ነው አንልም። መንገዱን ወደ ኋላ እናስባለን። ይህን ለማወቅ ሰባተኛ ክፍል እንኳ መድረስ አያስፈልግም፤ እኔ አንድ ክፍል አትርፌበታለሁ።

ውሳኔዎ ባለፈው እሑድ ተነበበ፤ የወይዘሮ ጣቢታ መደብ ተሰርዞ ለኮሚቴው ማጠናከሪያ ይውላል ተባለ። ኮሚቴው በሥጋ እንደሚጠናከር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቤት ስንገባ “ሥጋው ይቅር፤ ሥጋ ሞልቷል” አለችኝ። ሥጋ ሞልቶ አይደለም፤ ያውቃሉ። ግን የቆረጣት ሥጋው አይደለም። ቅጠል ላይ መደቡ ተደርድሮ ስም ሲጠራ፣ አባቴ በሞተበት ዓመት እንኳ ሳይዘለል “የሽብሩ ቤት!” ተብሎ ይጠራ ነበር፤ እሷም “አቤት!” ትል ነበር። ይህችን “አቤት” ነው የወሰዱባት። በዚህ ሰፈር ስሙ በመስቀል ያልተጠራ ቤት ሰዉ ሁሉ ያለቀበት ቤት ነው፣ ወይም ሌባ የሚኖርበት ነው። ሰው መንገድ ላይ ሰላምታ ሲሰጣት አሁን መሬት መሬት ታያለች።

ቂም ግን አልያዘችብዎትም። ማታ ማታ ትጸልይልዎታለች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ በልቧ ብቻ። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ድምፅንም መቆጠብ ለምደናል።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ገንዘብ አልጠይቅም። ሪባን አልጠይቅም። በሬው የተቀለበው በሁላችን ነው፣ የከሳውም በሁላችን ነው፤ የመስቀል ዕለት ስም ሲጠራ የእናቴም ስም ይጠራ። ያለ ማጠናከሪያ ደካማ ሆነው የሚቀሩ የኮሚቴ አባል ካሉ የኔን ድርሻ ይውሰዱ፤ እኔ በሣቅ እጠግባለሁ።

ባዶ እጄን ላለመምጣት ደግሞ ለቁጠባው አንድ አሳብ ላዋጣ። ስብሰባችንን በየሳምንቱ ከማድረግ በየወሩ ብናደርገው፣ በአንድ ዓመት የምንቆጥበው ጭብጨባ ለሁለት መስቀል ይበቃል። ይህን አሳብ በነጻ ሰጥቻለሁ።

ለቀበሌያችን ያደረጉትን፣ ከማድረግ የተቆጠቡትን፣ ወደፊትም በማድረግዎ የምንፈራውን ሁሉ በማመስገን፣ ዕድሜዎ እንደ ክረምታችን ይርዘም፣ ወጪዎ እንደ በሬያችን ይቅጠን፣ ከዘላለማዊ አክብሮቴ ጋር፣

ጥርሱን መክደን ያቃተው የጣቢታ ልጅ
ኤሊያስ ሽብሩ
የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ

ተጨማሪ፦ ይህ ዛሬ ጠዋት፣ እርስዎ ወንበር ሊያስደረድሩ ቀድመው ከወጡ በኋላ ተጽፎ ለመምህር ማቴዎስ በልጅ የተላከ ነው። በስብሰባው ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሥራ ላይ ነኝ፤ ተራ እያስከበርኩ።

የተራው ዝርዝር በወጣ ዕለት “የእኔ ከሁሉም በኋላ ይሁን፤ መሪ መጨረሻ ነው” ብለው እንዳስጨበጨቡን ያስታውሳሉ። ከእናቴ ቀጥሎ ያለው ቤት የእርስዎ ነው። የእናቴ ተራ ትናንት አልቋል። ስለዚህ ገመዱን ይዤ ደጅዎን አንኳኳሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ከበቡሽ ራሳቸው ከፈቱ። “እትዬ፣ ተራችሁ ደርሷል” ብላቸው፣ “እሰይ! እኔ እኮ ኮሚቴው ቤት አይገባም ሲባል ነው የሰማሁት” አሉ። “ደንቡን የጻፉት ጓድ ናቸው” አልኳቸው። “እንግዲያው ግባ፤ ጎመኔን ብቻ እንዳይነካብኝ” አሉ። “በቆሎውስ እትዬ?” “በቆሎው የሳቸው ነው፤ መስቀል ሲደርስ ሲወደድ እንሸጠዋለን ብለው የቆጠቡት ነው” አሉና ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ገመዱን ጎመኑ ጋ በማይደርስ፣ በቆሎው ጋ በሚደርስ ልክ አስሬዋለሁ። እሸቱ ግሩም ነው፤ እጅዎን ያለምልመው። እኔ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ እየጠበቅሁት ነው። ቁጠባ መጀመሪያ አላመነም፤ አገዳውን አሸትቶ ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ግን አምኗል። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ ለዚህ ነው ደብዳቤዬን ያስረዘምኩት፤ ለዚህም ነው መምህር ማቴዎስን የመረጥኩት።

ከግቢዬ ላስወጣው ካሉ ደንቡ አለ፤ መደብዎን ያጣሉ፤ መደብዎም ከእርስዎ በፊት ለቀለበው ቤት ለእናቴ ይሰጣል። ይብላ ካሉ ደግሞ እስከ መስቀል ሰው ሁሉ በአጥርዎ በኩል ሲያልፍ የሚበላ በሬ ምን እንደሚመስል ያያል፤ በሬው ማን ቤት ያልበላ፣ ማን ቤት የበላ መሆኑንም እያንዳንዱ ለራሱ ያስታውሳል። በየትኛውም መንገድ “የሽብሩ ቤት!” ይባላል፤ እናቴም “አቤት!” ትላለች። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔ የማልደግፈው አሳብ የለም።

መምህር ማቴዎስ፣ ስላነበቡልን እናመሰግናለን። ጓድ ሊቀመንበር ከወንበራቸው ለመነሣት ሲንጠራሩ ካዩ፣ እባክዎ ከኋላ የተቀመጡትን “ሰምታችኋል?” ብለው ይጠይቁልኝ። አቶ አሳምነውና ወይዘሮ አስካለች እንዳልሰሙ ትናንት ማታ ነግረውኛል።